መጽሐፉ ካበቃበት የሚጀምር ጌም፦ «ብላክ ሚዝ፦ ዉኮንግ»ን ተጫውቼ የታዘብሁት

በ«ብላክ ሚዝ፦ ዉኮንግ» የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ጥቁር ነፋስ ተራራ በሚባለው ጫካ ውስጥ፣ ሦስት ትልልቅ ደወሎች በተለያየ ቦታ ተሰቅለው ይገኛሉ። ደውላቸው ብሎ ተጫዋቹን የሚያዝ የለም፤ ሳይነካቸው ቢያልፍም ጌሙ ወደፊት ይቀጥላል። ሦስቱንም ፈልጎ የደወለ ሰው ግን በጥንቱ የጓንዪን ገዳም ውስጥ ራሱን ያገኛል፤ እዚያም ጂንቺ የሚባለው አረጋዊ መነኩሴ፣ ሰውነቱ ከሰው ልክ አልፎ ግዙፍ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከብዙ ድካም በኋላ ያሸነፈው ተጫዋች የሚያገኘው ሽልማት ከእሳት የሚከላከል መጎናጸፊያ ነው። ይህን ሽልማት ባገኘሁበት ሌሊት ጥሩ ዕቃ ደረሰኝ ከማለት ያለፈ ነገር አልተሰማኝም ነበር። ነገሩ የተገለጠልኝ ከወራት በኋላ፣ ጌሙ የተነሣበትን «ወደ ምዕራብ ጉዞ» የተባለ የቻይና መጽሐፍ 16ኛ ምዕራፍ ሳነብ ነው።

በመጽሐፉ፣ ዕድሜው 270 ዓመት የደረሰው ጂንቺ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ፍለጋ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው መነኩሴ የያዘውን ያጌጠ ካባ ሲያይ ልቡ በምኞት ይያዛል። ካባውን ለአንድ ሌሊት ተውሶ ክፍሉ ውስጥ ዘርግቶ ያለቅሳል። ከዚያም ጓንግዢና ጓንግሞው የሚባሉ ሁለት ወጣት ደቀ መዛሙርቱ እንግዶቹን ገድለን ካባውን እናስቀረው ብለው ይመክሩታል፤ ጓንግዢ በስለት፣ ጓንግሞው በእሳት። የእሳቱ ምክር ይወደድና ማገዶ በእንግዶቹ ክፍል ዙሪያ ይከመራል። የተጓዡ መነኩሴ ደቀ መዝሙር የሆነው የጦጣው ንጉሥ ሱን ዉኮንግ ግን ነገሩን ቀድሞ ስለደረሰበት ወደ ሰማይ ወጥቶ እሳት የማያሳልፍ መጎናጸፊያ ይዋሳል፤ መምህሩን በእርሱ ይከልልና በተለኰሰው እሳት ላይ ነፋስ እየነፋ ገዳሙን በሙሉ ያስበላዋል። በጌሙ ውስጥ ጓንግዢ የሚነድ መሣሪያ የያዘ ቀይ ተኩላ፣ ጓንግሞው ደግሞ እባብ ሆነው ይመጣሉ። ከሦስቱ ደወሎች ሁለቱ የሚገኙት ከእነርሱ ጋር ውጊያ በሚደረግበት ስፍራ አጠገብ ነው። መጎናጸፊያውም ያው ከሰማይ የተዋሰው መጎናጸፊያ ነው።

ይህን ሁሉ ጌሙ በመንገዱ ላይ አንስቶ አያብራራም። የሥራው ትልቁ ችሎታም ትልቁ ችግርም ከዚህ ቦታ ይነሣል ብዬ አምናለሁ። የቆየውን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከመተረክ ይልቅ፣ ታሪኩ በተፈጸመበት ምድር ላይ፣ ከተፈጸመ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ፍርስራሹን እየረገጥን እንድንሄድ ያደርገናል።

ጌሙን የሠራው ጌም ሳይንስ የተባለ የቻይና ድርጅት ሲሆን፣ በ2014 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ) የመሠረቱት ቀደም ሲል ቴንሰንት በተባለው ትልቅ የቻይና የቴክኖሎጂ ድርጅት ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ኦገስት 20 ቀን 2020 የ13 ደቂቃ ማሳያ ለቀቁ፤ ልክ በአራተኛ ዓመቱ፣ ኦገስት 20 ቀን 2024፣ ጌሙ ለኮምፒዩተርና ለፕሌይስቴሽን 5 ለገበያ ቀረበ። በሦስት ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፤ ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ብቻ በአንድ ጊዜ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲጫወተው ታየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጌም አዋርድስ በተባለው ዓመታዊ የጌሞች ውድድር የምርጥ አክሽን ጌም ሽልማትን ወሰደ። ለኤክስቦክስ የደረሰው በ2025 ነው።

መሠረቱ «ወደ ምዕራብ ጉዞ» የተባለው የቻይና ታላቅ ልብ ወለድ ነው። መቶ ምዕራፍ ያለው ይህ መጽሐፍ በዉ ቼንግኤን ስም ይጠራል፤ የሚታወቀው የመጀመሪያ የተሟላ እትም የታተመው በ1592 ነው። መጽሐፉ ራሱ ግን ከእርሱ በፊት የነበሩ ታሪኮች ድጋሚ ሥራ ነው። ሹዋንዛንግ የሚባል እውነተኛ መነኩሴ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከቻይና ተነሥቶ ህንድ ድረስ ሄዷል፤ በ645 ሲመለስ 657 ጽሑፎችን ይዞ ገባ። ይህን ጉዞ ሰባኪዎች፣ የመንደር ተራኪዎችና የመድረክ ተዋንያን ለዘመናት ሲቀባበሉት አጋንንት ተጨመሩበት፤ አንድ ጦጣም ገባበት፤ ቀስ በቀስ ጦጣው ከመነኩሴው በላይ ዝነኛ ሆነ። በ1941 የቻይና የመጀመሪያው ረጅም የካርቱን ፊልም የተሠራው ከዚሁ መጽሐፍ በተወሰደ ክፍል ነው፤ በ1986 ደግሞ የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን ያሳየው 25 ክፍል ያለው ድራማ በአገሩ አንድ ትውልድ ያሳደገ ሥራ ሆነ። በጃፓን በ1984 የጀመረው «ድራጎን ቦል» የተባለው ባለ ሥዕል ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ ጎኩ ስሙን ያገኘው ከሱን ዉኮንግ ነው፤ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሳናውቀው የዚህ ታሪክ ቤተሰብ ሆነናል።

ከዚህ የሚቀርብ አንድ የእኛ ጽሑፍም አለ። በዚያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በ1553፣ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን የበቁት አባ እንባቆም «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። የህንድ ንጉሥ ልጅ ይዋስፍ ሕመምንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ተከልሎ ያድጋል፤ በኋላ በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ ልቡ ይነካል፤ በመነኩሴው በረላም ትምህርትም ዓለምን ይተዋል። ሊቃውንት እንዳረጋገጡት ይህ የቡድሃ ሕይወት ታሪክ ነው፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር የክርስቲያን ቅዱስ ታሪክ ሆኖ ተሠርቷል፤ ይዋስፍ የሚለው ስም እንኳ ቦዲሳትቫ (ቡድሃ ለመሆን በመንገድ ላይ ያለ ቅዱስ) ከሚለው ቃል ተለዋውጦ የመጣ ነው። በጌሙ ውስጥ የሚጠራው ቦዲሳትቫ በግዕዝ ብራና ላይ በሌላ ስም ሲነበብ ኖሯል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ታሪክ ሃይማኖት፣ አገርና መልክ ለውጦ መኖሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጠየቀው አዲሱ ሠሪ በተቀበለው ነገር ምን አደረገበት የሚለው ነው።

ጌም ሳይንስ ያደረገው ይህን ነው። ሱን ዉኮንግ ጉዞውን ጨርሶ፣ የቡድሃነት ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ማዕረጉን ትቶ ወደ ትውልድ ተራራው ይመለሳል። የሰማይ ሠራዊት ግን በጦረኛው ኧርላንግ እየተመራ ይመጣበታል፤ ለታዛዥነት ምልክት በግንባሩ ላይ ታስሮ የነበረው የወርቅ ቀለበት በውጊያው መካከል ተመልሶ ይጠብቅበታል፤ ይወድቃል። ሕዋሳቱን የሚወክሉ ስድስት ቅርሶች በየቦታው ይበተናሉ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ስም የሌለው አንድ ወጣት ጦጣ እነርሱን ሊሰበስብ ዘንጉን ተሸክሞ ይነሣል። ተጫዋቹ ይህን ወጣት ሆኖ ስድስት ምዕራፎችን ይጓዛል። የሚያገኛቸው አጋንንት አብዛኞቹ በመጽሐፉ ውስጥ በዉኮንግ የተሸነፉ ናቸው፤ አሁን አርጅተዋል፣ ቂም ይዘዋል ወይም ሹመት አግኝተዋል። መጽሐፉ በሁለት ምዕራፍ ዘግቷቸው ያለፋቸውን ሰዎችና አጋንንት ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ ብሎ የጠየቀ ሥራ በመሆኑ እጅግ አከብረዋለሁ።

የውጊያው አሠራር ከመጽሐፉ በቀጥታ የተቀዳ ነው፤ እዚህ ላይ ጌሙ ፊልም ሊያደርገው የማይችለውን ያደርጋል። በመጽሐፉ የዉኮንግ ዘንግ 13,500 ጂን (የቻይና የክብደት መለኪያ) ይመዝናል፤ ሲፈልግ መርፌ አክሎ ጆሮው ውስጥ ይገባል፣ ሲፈልግ ሰማይ ይደርሳል። በጌሙ ተጫዋቹ አንዱን ቁልፍ ይዞ ሲያቆይ ዘንጉ ይረዝማል፤ በአንደኛው አቋቋም ወጣቱ ዘንጉን አቁሞ ጫፉ ላይ ይወጣና፣ ጠላት ከታች ምድሩን ሲደበድብ፣ እርሱ ከላይ ሆኖ የሚወርድበትን ቅጽበት ይጠብቃል። ጆይስቲኩን የያዘ እጅ የዘንጉን ክብደት ያውቀዋል። ከሰውነቱ ጸጉር ነቅሎ እፍ ሲል ብዙ ጦጣዎች ይሆናሉ፤ ጠላቱን በአንድ ቃል እንደ ሐውልት ያቆመዋል፤ ያሸነፋቸውን መልክ እየለበሰ ይዋጋል። ሲቆስል የሚጠጣው ከወገቡ ላይ ካንጠለጠለው ቅል ነው፤ የሚያርፈው ዕጣን በሚያጨስበት ትንሽ መቅደስ ዘንድ ነው። በተረቶቻችን ጦጣ ትልቁን አውሬ በብልሃት ስታሸንፍ ለሰማ ሰው፣ ከአውራ ጣቱ ሥር የሚሰማው ይህ ብልሃት ብዙ ማስተዋወቂያ አያስፈልገውም።

ከጌሙ ሁሉ ልቤን የነካው ግን ውጊያ አይደለም። በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ቢጫ አሸዋ በሚነፍስበት ገደል አጠገብ፣ ራስ የሌለው ሰው ተቀምጦ ባለ ሦስት ክር መሣሪያ እየመታ ይዘፍናል። የሚዘፍነው በሻአንሺ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ክፍል በሚታወቀው፣ ታሪክን በዜማ በሚተርከው የገጠር ስልት ነው፤ ይህን ሙያ በዚያ አገር በአብዛኛው ይዘውት የኖሩት ዓይነ ስውራን ተራኪዎች ናቸው። ድምፁ የሻከረ፣ ከደረት የሚወጣ፣ ቃሉን እየወረወረ የሚሄድ ነው፤ ማሲንቆ ይዞ በር ላይ የቆመ አዝማሪ ሰምቶ ያደገ ጆሮ ወዲያው ይቀበለዋል። ዘፋኙ ሊንግጂ የተባለው ቦዲሳትቫ ነው፤ በመጽሐፉ 21ኛ ምዕራፍ የነፋሱን ጋኔን የያዘው እርሱ ነበር፤ በጌሙ ያ ጋኔን ራሱን ቆርጦ ወስዶበታል። መጽሐፉ አሸናፊ አድርጎ ያቀረበውን ቅዱስ ተሸናፊ አድርጎ፣ ታሪኩን ግን ያለ ራስ እንኳ መዝፈኑን እንዳይተው አድርጎ ማስቀመጥ፣ ትልቅ የድርሰት ውሳኔ ነው። እኔ ዘንጌን አስቀምጬ ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ በማግስቱም ተመልሼ ሰማሁት።

የተሸነፈ ጠላት ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ በቀለም የተሣለ ምስልና አጭር ታሪክ ይተዋል። ይህ መዝገብ በምናሌው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ሳይከፍተው ጌሙን እንደሚጨርስ እገምታለሁ፤ ትልቅ ጉዳት ነው። አንድ ተራ ተኩላ ወታደር እንኳ የራሱ ታሪክ አለው፤ አንዳንዱ በድሮ አጻጻፍ የተጻፈ እውነተኛ አጭር ልብ ወለድ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ አጭር የካርቱን ፊልም ይመጣል፤ እያንዳንዱ በተለየ የአሣሣል ስልት የተሠራ ነው። የሁለተኛው ምዕራፍ የአንድ ሰውና የአንዲት ቀበሮ ታሪክ በአሻንጉሊት ቅንብር የተቀረጸ ሲሆን፣ ንግግር ብዙም ሳይፈልግ ከጌሙ አብዛኛው ክፍል በላይ ስለ ምኞት ይናገራል።

ሠሪዎቹ ከመጽሐፉ ውጭም ያገኙትን ነገር መልሰው ተጠቅመዋል። ከ30 በላይ እውነተኛ ጥንታዊ ስፍራዎች በካሜራና በመለኪያ ተቀድተው ወደ ጌሙ ገብተዋል፤ አብዛኞቹ በሻንሺ ክፍለ ሀገር (ከላይ ከጠቀስሁት ሻአንሺ የተለየ ነው) የሚገኙ ናቸው። የሻንሺው ሺያኦሺቲያን ገዳም በግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ከቆሙት ቅርጻ ቅርጾች ጋር በሦስተኛው ምዕራፍ ይታያል። የ1986ቱ ድራማ መክፈቻ የነበረው የሹ ጂንግቺንግ ሙዚቃም በአዲስ ቅንብር ተመልሷል። ይህን ሙዚቃ በልጅነቱ ያልሰማ እንደ እኔ ያለ ሰው ጥሩ ሙዚቃ ብሎ ያልፈዋል፤ ለቻይናዊው ግን የአባቱን ቤት ሳሎን የሚያስታውስ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ እመጣለሁ። የመጀመሪያው ዋናው ነው። መጽሐፉ የሚያስቅ መጽሐፍ ነው፤ ዉኮንግ አፉ የማያርፍ፣ ትምክህተኛ፣ ሹማምንትን የሚያዋርድ ፍጡር ነው። የሰማይ ቤተ መንግሥት የፈረስ ጠባቂነት ሥራ ሲሰጠው ሹመቱ ዝቅተኛ መሆኑን እንዳወቀ ጥሎ ይሄዳል፤ ራሱን «ከሰማይ እኩል የሆነ ታላቅ ጠቢብ» ብሎ ይሾማል። ከቡድሃ ጋር ተወራርዶ የዓለም ዳርቻ የደረሰ ሲመስለው ምሰሶ ላይ ስሙን ይጽፋል፣ አንደኛው ምሰሶ ሥር ሽንቱን ይሸናል፤ ሲመለስ ምሰሶዎቹ የቡድሃ ጣቶች ሆነው ይገኛሉ። በጌሙ ውስጥ ይህ አፍ ዝም ብሏል። ተጫዋቹ የያዘው ወጣት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አይናገርም፤ ዙሪያው ያለው ሁሉ ሐዘንና ዕጣ ፈንታ ነው። ሳቁን በመጠኑ የሚመልሰው በአራተኛው ምዕራፍ አብሮ መጓዝ የሚጀምረው ባለ አሳማ ፊቱ ዡ ባጂዬ ብቻ ነው፤ እርሱ በገባ ጊዜ ሁሉ ጌሙ ነፍስ ይዘራል። ዝምታው የተመረጠበት ምክንያት ይገባኛል፤ ወጣቱ የሌላ ሰው ጥላ መሆኑን ለማሳየት ነው። ያም ሆኖ መጽሐፉን አራት መቶ ዓመት ያኖረው አመፅና ሳቅ አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ጌሙ አመፁን ወስዶ ሳቁን መተዉን ከልቤ እቃወማለሁ።

ሁለተኛው፣ መጽሐፉን ለማያውቅ ሰው የሚዘረጋ እጅ ያለመኖሩ ነው። የቻይና ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ እኛ ከየት እናምጣው? በአምስተኛው ምዕራፍ በነበልባል ተራራ የሚኖሩት የበሬው ንጉሥ፣ ሚስቱ ባለ ማራገቢያዋ ልዕልትና ልጃቸው ቀዩ ብላቴና ከዉኮንግ ጋር ያላቸውን የቆየ ወዳጅነትና ጠብ ያላወቀ ሰው፣ የምዕራፉን ትልቅ የቤተሰብ ሐዘን የማይተዋወቁ ሰዎች ጭቅጭቅ አድርጎ ነው የሚሰማው።

የቀሩት የአሠራር ጉድለቶች ናቸው። መንገድ የሚመስል ቦታ በማይታይ ግድግዳ ይዘጋል፤ አንዱ ቋጥኝ ይወጣል፣ አጠገቡ ያለው መሳዩ አይወጣም። ሲወጣ ካርታ አልነበረውም፤ በዲሴምበር 2024 በመጣው ማሻሻያ ተጨምሮለታል። የክብደት ደረጃ መምረጫ የለውም፤ አንዳንዱ ጠላት ለጀማሪ ጨካኝ ነው። በስድስተኛው ምዕራፍ ተጫዋቹ በደመና ላይ መብረር ሲፈቀድለት፣ በመጽሐፉ በአንድ ዝላይ 108,000 ሊ (የቻይና የርቀት መለኪያ) የሚሄደውን ደመና በመጨረሻ አገኘሁት ብሎ ይደሰታል፤ ከበታቹ ያለው ምድር ግን ሰፊና ባዶ ነው።

ለመግዛት ለሚያስብ አንባቢ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገር። ዋጋው 60 ዶላር ገደማ ነው፤ ለእኔ የከፈለልኝ ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ክፍያ መፈጸም ለብዙዎቻችን አሁንም ቀላል አይደለም። የኮምፒዩተሩ ቅጂ 130 ጊጋባይት ቦታ ስለሚጠይቅ ማውረዱ አራት ሌሊት ፈጅቶብኛል። መብራት በውጊያ መካከል ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ ዕጣን ካጨስሁበት ቦታ እንደገና ጀምሬያለሁ። እኔን እስከ መጨረሻው 50 ሰዓት ገደማ ወስዶብኛል። በየሰፈሩ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ለአንድ ጨዋታ ከፍሎ፣ ኳስ ተጫውቶ፣ ተሸናፊው ለተረኛው የሚለቅበት ልማድ ለዚህ ሥራ አይመቸውም፤ ቤት ተቀምጦ፣ እንደ ረጅም መጽሐፍ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚሄዱበት ጌም ነው። ለትንንሽ ልጆችም አልመክረውም፤ የሚያስፈሩ ምስሎች በብዛት አሉት።

መጨረሻው ሁለት ነው፤ አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ ይህን አንቀጽ ይዝለለው። መንገዱን ብቻ ተከትሎ የጨረሰ ተጫዋች በመጨረሻ የወርቁ ቀለበት በወጣቱ ግንባር ላይ ሲታሰር ያያል፤ ነፃነት ፍለጋ የተጀመረ ጉዞ በሌላ እስራት ይዘጋል። የተሰወሩትን ስፍራዎች ፈልጎ ኧርላንግን ያገኘና ያሸነፈ ግን የዉኮንግን ትዝታ ይቀበላል፤ በዚህኛው መጨረሻ ቀለበቱ አይታሰርም። ልዩነቱን የሚያመጣው የታላቁን ጠቢብ ዕቃዎች መሰብሰብ ሳይሆን ታሪኩን ማወቅ መሆኑ የጌሙን ሐሳብ በግልጽ ይናገራል፤ ይህን በንግግር ሳይሆን በተጫዋቹ ድካም እንዲገኝ ማድረጋቸው ከሥራው ሁሉ የበሰለው ክፍል ነው።

እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው የአንተኒ ዩ ሙሉ ትርጉም በአራት ቅጽ ይገኛል፤ አጠር ያለ የሚፈልግ በ1942 የወጣውን የአርተር ዌይሊን ትርጉም ሊያነብ ይችላል። ጌሙን ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 16ኛውንና 17ኛውን ምዕራፍ፣ ወደ ጌሙ ሁለተኛ ምዕራፍ ሳይገባ ደግሞ የመጽሐፉን 20ኛውንና 21ኛውን ቢያነብ ጥሩ ነው፤ አንድ ምሽት ይበቃዋል። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ስጫወት እንዲሁ አደረግሁ፤ ጓንግሞው እባብ ሆኖ ከቀርከሃው መካከል ሲወጣብኝ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ማገዶ ይከመር ብሎ የመከረው ልጅ መሆኑን አውቀው ነበር፤ ከውጊያው በኋላም ደወሉን ወዲያው ሳልደውል ትንሽ ቆየሁ።